ቀይዋና ግራጫዋ፣ ሲስተር ጦይባም ከኋላ

ከሚሴ፣ የጤና ሥራ ሞተሮች ከሚጠገኑበት ጋራዥ መጀመሪያ በገባሁበት ቀን፣ ዋናው መካኒክ ጋሽ እንድሪስ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ሞተር ታውቃለህ?» አለኝ።

«ከእናቴ ሆድ የወጣሁት እየነዳሁ ነው» አልኩት።

«ማሻአላህ! በል እንግዲያው ያቺ የመጣህባት መሆን አለባት፤ እጠባት» ብሎ ቤንዚን በቆርቆሮ፣ ጸጉሯ ያለቀ ብሩሽና በጭቃ የተለሰነች ሞተር አስረከበኝ። የዚያን ቀን የጠረግሁት ጭቃ ቢከመር የጨፋን ሜዳ በሁለት ክንድ ከፍ ያደርገው ነበር።

ያኔ መንግሥት ተለውጦ ዞኑ ገና እግር ሲያወጣ ነው። በጋራዣችን ማዕረግ አጣቢ ከታች፣ ከዚያ ረዳት መካኒክ፣ ከዚያ መካኒክ፣ ከሁሉ በላይ ሞተረኛ ነው። ጋሽ እንድሪስ ይህን ደረጃ አይቀበልም። «ሞተረኛ ማለት መካኒክ ያዳነውን የሚገድል ነው» ይል ነበር። እኔም ካንዴላ ማጽዳት፣ ፍሪሲዮን ማስተካከል፣ ሰንሰለት ማጥበቅ ከእሱ ተምሬ፣ በመጨረሻ ወደ ገዳዮቹ ተቀላቀልኩ። ክትባትና ባለሙያ ወደ ገጠር ማድረስ ሥራዬ ሆነ።

ከማደርሳቸው ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን አብራኝ የሠራችው ነርስ ሲስተር ጦይባ ናት። ቁጣዋን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ የት ላይ እንደተሻገረች አይታወቅም። የቆላ እናቶች ልጅ ሲያስከትቡ ከእሷ ሌላ ሰው አያምኑም። በሌላ ቀን ሌላ ነርስ ይዤ ብሄድ «ያቺ የእኛዋስ?» ብለው መርፌው ሳይወጣ ይበተናሉ።

የምንሄድባቸው ትንንሽ ሞተሮች ግን ወንበራቸው ጣውላ ነው። ከባቲ ወዲያ ካለ መንደር የተመለስን ዕለት ሲስተር ትከሻዬን ይዛ ወረደች፣ ቀና ልትል ሞከረች፣ እንደ ማጭድ ጎብጣ ቀረች።

«አያ ሙሄ፣ ሐኪሙ ሞተር ተዪ ብሎኛል» አለችኝ። «እንዲህ ከቀጠለ ዝውውር ጠይቄ ቢሮ እገባለሁ።»

«ቢሮ ገብተሽ ማንን ልትቆጪ?»

«ወረቀቱን። ወረቀት ቢያንስ ጉድጓድ ውስጥ አይነዳኝም።»

ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። እሷ ከወረደች የዚያ አገር ልጆች ክትባት አብሯት ይወርዳል። የዝውውር ወረቀቷ ከመግባቱ በፊት ወገቧ የሚችለው ሞተር አገኛለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ሁለት ትልልቅ የረጅም ጉዞ ሞተሮች ተወልን። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ግራጫ። ሁለቱም ከፊት የንፋስ መከላከያ፣ ከጎን ሳጥን፣ ከኋላ ለሰው የሚሆን መቀመጫ አላቸው። የነዳጅ ሰልባቲዮአቸው ከተሞላ የሚያልቀው ወር ሲያልቅ ነው። ትእዛዙ ግን አንዷን አስቀርታችሁ ሌላዋን ለጎረቤት ዞን ስጡ የሚል ነበር።

የትራንስፖርት ኃላፊያችን አቶ ከማል ጠርቶኝ «የምትነዳው አንተ ነህ። ሁለቱንም ሞክርና የሚሻለውን ንገረኝ» አለኝ።

«መሞከር አያስፈልግም፣ ቀይዋ ናት።»

«ገና አልተነሳችም እኮ!»

«ቆማም ትሮጣለች፣ አያዩዋትም?»

አቶ ከማል አልሳቀም። «ሲስተር ጦይባን ከኋላ ጭነህ ሞክራቸው። አንድ መንገድ፣ አንድ ጭነት» ብሎ አሰናበተኝ።

በቀይዋ ጀመርን። ከከሚሴ ወጥተን በአስፋልቱ የጨፋን ሸለቆ ስንሰነጥቀው፣ ማሽላው በሁለቱም ወገን ወደ ኋላ ይጋልብ ነበር። ማርሽ ስትቀይርላት ቅቤ ውስጥ ቢላ እንደማስገባት ነው። በኮምቦልቻ ዞረን ወደ ባቲ ቁልቁል ስንወርድ፣ ጥምዝምዙን ገና ሳስበው እሷ ጨርሳዋለች። ወላሂ፣ ከእኔ ቀድማ መንገዱን ታውቀዋለች። ከፊታችን የሚወርድ ከባድ መኪና ሾፌር እንኳ ቦታ ለቆ አሳለፈን፤ እኔ በአክብሮት ነው ብያለሁ።

«እንዴት ነው ከኋላ?» ብዬ ጮህኩ።

«ማማ ላይ የወጣሁ የማሽላ ወፍ ጠባቂ መስያለሁ!» አለችኝ። «ወንጭፍ ብቻ ነው የቀረኝ!»

እውነቷን ነበር። የቀይዋ መቀመጫ ከኋላ ከፍ ብሎ ጠበብ ይላል። ሞላዋ ጠንካራ ስለሆነ በጥምዝ ላይ ቀጥ ብላ ትይዛለች፣ የጉድጓዱን ሂሳብ ግን ለተሳፋሪ ትተዋለች።

ባቲን እንዳለፍን ከአስፋልት ወርደን ወደዚያው መንደር የሚያስገባውን ጥርጊያ መንገድ ያዝን። እዚያ መገንጠያው ላይ ካለችው ግራር ሥር ሼህ አደምና ሌሎች ሽማግሌዎች አይጠፉም። የአገሩ ደንብ ነው፤ ወደ መንደር የሚገባ እንግዳ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። «አካም ጅርቱ? ሎን ነጋ? ኢጆሌን ነጋ?» ተብሎ ሰው፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ ሁሉ ተራ በተራ ይጠየቃል። ዱዓ ይደረጋል። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ ወደ ቤቶቹ ይጣራል፦ «ከታቢዎቹ መጥተዋል!» ኔትዎርክ ገና እዚያ ባልደረሰበት ዘመን ዘመቻው የሚጀመረው በዚያ ጥሪ ነው።

ግራሯ ያለችበት መንገድ ደግሞ ዳሩ ያጋደለ ነው። ቀይዋን ላቆም ፍሬን ይዤ እግሬን ዘረጋሁ። እግሬ መሬት ፈለገ፣ መሬቱ አልተገኘም። እኔ ቁመቴን የወረስኩት ከእናቴ ወገን ነው፤ እነሱ በርበሬ ለመልቀም መሰላል ይፈልጋሉ። ሲስተርን ከነክትባቱ ገደል ከምጥል ብዬ ነዳጅ ሰጠሁ፣ እጄን አነሳሁ፣ አለፍኩ።

«አያ ሙሄ! አላቆምክም!» አለች ሲስተር ጀርባዬን እየደበደበች።

«እጅ አነሳሁ እኮ!»

«እጅማ ለዝንብም ይነሳል!»

ከጤና ኬላው ደጅ የክትባት ሳጥኑን ከፍተን ተቀመጥን። የመጡት ደጃፋቸው ከኬላው አጠገብ የሆነ ጥቂት እናቶች ብቻ ናቸው። የሳጥኑ በረዶ እየቀለጠ ሄደ። ሲስተር ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች።

ወደ ማታ ግድም ሼህ አደም ምርኩዛቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ?» አሉ። «እኛማ አቧራውን አይተን ንፋስ መሰለን። ለንፋስ ደግሞ ሰው አይጠራም።»

«አባ ሼህ፣ ሞተሯ ረዝማብኝ ነው።»

«ሞተር ከረዘመብህ ሰውዬው አጠረ ማለት ነው፤ በአጭር መጥተህ ቁም» አሉኝ። ሲስተር የዚያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ግራጫዋን ወሰድን። እውነቱን ልናገር፣ ግራጫዋ ስትነዳ ደስታ የላትም። ድምጿ እንደ እህል ወፍጮ ነው። የባቲ ቁልቁለት ላይ መሪውን ስታዞረው ማመልከቻ ያስገባህ ይመስል አስባበት ትታጠፋለች። በቀይዋ ቀን እንዳሳለፈን ያለ ከባድ መኪና ከነጭነቱ እኛን አልፎ ሄደ፣ ረዳቱም እየሳቀብን። ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ።

ጥርጊያው ላይ ስንገባ ከኋላዬ ድምፅ ጠፋ። በየጉድጓዱ የምትጮኸው ሲስተር ዝም አለች። ወድቃ ይሆን ብዬ ደንግጬ መስታወቱን ባየው፣ ሰፊው መቀመጫ ላይ ተደላድላ፣ ሄልሜቷን ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ኮረኮንች ላይ! እኔ እንኳ ቤቴ አልጋዬ ላይ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ግራሯ ጋ ስደርስ ሁለቱም እግሮቼ ከነተረከዛቸው መሬት አረፉ። አጠፋሁ። ሲስተር ነቃች፣ ወረደች፣ ያለ ትከሻዬ እርዳታ ቀና አለች። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ከብቶቹ በስም ሳይቀር ተጠየቁ። ዱዓው ሲያልቅ ሼህ አደም ራሳቸው ተነስተው ተጣሩ። ኬላው ደጅ ስንደርስ እናቶቹ በአቋራጭ ቀድመውናል።

ስንመለስ ሲስተርን «ወገብሽስ?» አልኳት።

«ወገቤ አለ። አንተ ግን ፊትህ ቀብር የሄደ ሰው ይመስላል። ቀይዋን ትፈልጋለህ፣ አይደል?»

«በጣም።»

«እኔ ስለ እሷ ምንም አልልም። ቀይዋ ከቀረች ግን እኔ ወረቀቴን አስገባለሁ። በአላህ፣ ተቆጥቼ አይደለም። አልችልም።»

በማግስቱ አቶ ከማል ቢሮ ገባሁ። ጋሽ እንድሪስም ተጠርቶ ነበር፤ ቀይዋን እንደምመርጥ አስቀድሞ ለጋራዡ ሁሉ አውጇል።

«እህ፣ የትኛዋ?» አለ አቶ ከማል።

«ግራጫዋ።»

ጋሽ እንድሪስ እጁን ግንባሬ ላይ አድርጎ ትኩሳት ፈለገ።

«ቀይዋ ጥምዝ ላይ ትበልጣለች» አልኩ። «ትፈጥናለች፣ ነጂን ታስደስታለች። ልቤም እሷ ላይ ነው። ግራጫዋ ትቆማለች፣ ከኋላ ያለውን ሰው ትሸከማለች። ሲስተር ጦይባ ወደ ቆላ መሄዷን የምትቀጥለው በግራጫዋ ብቻ ነው።»

«የባቲ ቁልቁለት ላይ አትዘገይም?»

«ማልደን እንነሳለን።»

«ለሌላው ዞን ቀይዋን መስጠት ቆጭቶህ በኋላ ብትመጣብኝስ?»

«ይቆጨኛል። አልመጣም።»

አቶ ከማል ራሱን ነቀነቀና ቀይዋ እንድትሰጥ አዘዘ። ሊወስዳት የመጣው ሞተረኛ ከግቢው በር ሲወጣ ያሰማውን የጭስ ማውጫዋን፣ የማርሚታዋን ድምፅ አልረሳውም፤ እንዲያ አሳምሮ ሲያስጮኻት ሰምቼ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ሲስተር ዝውውሩን አልጠየቀችም። ከእኔ ጋር እስከ ጡረታዋ ወደ ቆላ ወርዳለች፤ ከመንገዱም ግማሹን ተኝታ ነው።

ዛሬ ሞተር ሊመርጡ የሚመጡ ወጣቶች ፍጥነቱን ይጠይቁኛል። እኔ የምነግራቸው ይህ ነው፦ ትልቅ ሞተር ስትመርጥ መጀመሪያ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ጭነህ፣ ባጋደለ መሬት ላይ አቁመው። እግርህ ካልደረሰ ሌላ ፈልግ።