አያ ደሳለኝ መድኃኒት ቤት መጽሐፍ አስገለጡ

ዛሬ የእህቴ የመድኃኒት መጽሐፍ ሰው አወቀ።

ሰቆጣ ያለውን መድኃኒት ቤቷን የምታውቁ፣ ያን ጡብ የሚያህል ማጣቀሻም ታውቁታላችሁ። የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ የምታየው እሱ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ አያ ደሳለኝ ለጉልበታቸው አስፕሪን ሊገዙ መጡ። ጠንቋይ ቤት የሄደን ሁሉ ሲያወግዙ የሚውሉት ሽማግሌ መጽሐፉን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ እስቲ ግለጪልኝ" አሏት።

"አያ፣ ይሄ እኮ የደብተራ መጽሐፍ አይደለም!" ብላ ሳቀች።

እኔ አላስችል አለኝ። "የክርስትና ስምዎንና የእናትዎን ስም ይንገሩኝ" አልኩ። ነገሩኝና ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት።

እህቴ ገጹን ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋ ቆመ። "አያ፣ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ እንዴ?"

የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ዋርፋሪን ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም።

አስፕሪን ቢጨምሩበት ከውስጥ ሊደሙ ይችላሉ ይላል ገጹ። እህቴ አስፕሪኑን ከእጃቸው ነጥቃ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

"እኔ ስሜን ሰጠሁ፣ መጽሐፉ ነገራችሁ" አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። ቅንጣት አልደነቃቸውም።

እህቴ "አጋጣሚ ነው" ትላለች። ታዲያ መጽሐፉን ለምን በነጠላዋ ሸፈነችው? "በእኔም ስም እንግለጠው" ስላት በጥፊ ልትለኝ ምንም አልቀራት።

እናንተስ፣ ሳትፈልጉት የፈለጋችሁ መጽሐፍ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፍራ።