የኑርሃን ዐሥራ ሁለት ሰዓት

ቦዮችን ማየት።
የውኃ ተራ ማውጣት።
ለባለተራዎች መልእክት መላክ።
አቤቱታ መስማት።
ኮምፒውተሩን ከአቧራ መጠበቅ።

ኑርሃን በሸዋ ሮቢት በአንድ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር በየቀኑ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ከሁሉ የምትጠላው አቤቱታ መስማትን በመሆኑ፣ ተራውን አስልቶ ለየገበሬው ስልክ የሚልክ ፕሮግራም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች። ፕሮግራሙ ጊዜን የሚይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ ይህም ከአገራችን በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት እንዲደምር አዘዘችው፤ ደመረ። እርሷም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጣይባ አንገቱን የደፋ የሽንኩርት ችግኝ አንጠልጥለው ቢሮዋ ገቡ።

«ኑርሃን፣ ተራዬ ስንት ሰዓት ነበር?»

«እኩለ ቀን ላይ ነዋ፣ እትዬ።»

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ፤ ምናልባት ጥፋቱ የዐይኔ ይሆናል።»

የዘረጉላት ስልክ «ተራዎ ነገ 12፡00» ይላል።

«ሱብሒ ሰግጄ፣ ዶማዬን ተሸክሜ፣ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ቦዩ አፍ ላይ ቆምሁ። ውኃ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ኸይረዲን ‹ተራዎ አሁን አይደለም› ሲለኝ፣ የማታው ዐሥራ ሁለት ነው ብዬ ተመለስሁ። በስድስት ሰዓት ‹ባለተራዋ ቀሩ› ብሎ ውኃዬን ለታችኛው ማሳ ለቀቀው! ለመሆኑ ይህ ማሽንሽ የት አገር ነው ያደገው?»

ኑርሃን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ በፈረንጅ ሰዓት፣ ስትነሣ በሐበሻ ሰዓት የምታስብ ሴት ናት፤ መልእክቱን የፈተነችው ተቀምጣ ነበር። ለሮቢት ሰው እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት መሆኑን ዘነጋች።

የእትዬ ጣይባ ቀጣይ ተራ በሳምንቱ ነው። ትናንት የተተከለ ሽንኩርት ደግሞ የይፋትን ፀሐይ ሳምንት አይችልም። ኑርሃን የነገው ንጋት ባለተራ ለሆኑት ለአባቷ ለአቶ አብዱረሂም ደወለች።

«አባዬ፣ የነገን ውኃ ለእትዬ ጣይባ ልስጥ?»

«ማንጎዬ ምን በደለ?»

«ማንጎው ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ይታገሣል።»

«ፕሮግራሙን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው መጥተሽ ለማንጎው ራስሽ ንገሪው። ውኃውን ስጫት።»

ኑርሃን ወደ ፕሮግራሟ ተመለሰች። በውስጡ የተያዘውን ዓለም አቀፍ ሰዓት አልነካችም። መልእክት በሚጻፍበት ቦታ ብቻ፣ ሦስት መደመሩን ትታ ሦስት እንዲቀንስ አደረገች፤ እኩለ ቀን በዓለም አቀፉ ዘጠኝ ነውና፣ ሦስት ሲቀነስ የሮቢትን ስድስት ይሰጣል። የነገው ተራ ግን በዓለም አቀፉ ልክ ሦስት ሰዓት ነበርና ውጤቱ ዜሮ መጣ።

«ዜሮ ሰዓት ደግሞ መቼ ነው?» አሉ ከትከሻዋ በላይ የሚመለከቱት እትዬ ጣይባ።

ኑርሃን በዜሮ ፈንታ ዐሥራ ሁለት እንዲጽፍ፣ ጠዋትና ማታውንም እንዲለይ አዘዘችው። ወዲያው የእትዬ ጣይባ ስልክ ጮኸ፤ «ተራዎ ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት።»

«ይኸው! አሁን አማርኛ ተናገረ» አሉ።

በነጋታው ኸይረዲን ቦዩን ወደ ሽንኩርቱ ማሳ መለሰ። ለእትዬ ጣይባ የቀረባቸው ውኃ ሙሉ በሙሉ ተከፈላቸው።