የእንጉዳይ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ከሹም አቦ ሰፈር ወደ ገበያ ስወርድ አንዲት ወጣት እናት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ከፊቴ ትሄዳለች። ልጅቱ አራት ወይ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከመንገዱ ዳር፣ ከዘንባባው ሥር፣ እኩያዋ የሚሆን ወንድ ልጅ ሽንቱን ይሸናል። ልጅቱ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ "እማዬ፣ እሱ ለምን ቆሞ ይሸናል?" አለች፤ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ። እናትየዋ አፏን በመዳፏ ከድና ጎተተቻት። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናትየዋ ዘወር ብላ፣ እኚህ አሮጊት ምን ነካቸው በሚል ዓይን አየችኝ። ምን ላድርግ! የሳቅሁት በልጇ አልነበረም። ድሮ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ድንገት ከፊቴ ድቅን ብላብኝ ነው። ሳቁም ብዙ አልቆየ። ገበያው ጋ ስደርስ ሆዴ ባብቶ፣ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት "ምን ሆኑብኝ እማማ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ሠልጥኜ፣ ባሕር ዳር ተመደብሁ። ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። ከግሽ አባይ ሰፈር ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ባለሀብት በተወረሰ ቪላ ውስጥ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ተከፍቶ ነበር። ግቢው ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለው። ከጓሮ በኩል አንገቱን ዘለግ ላደረገ ሰው ጣና ወለል ብሎ ይታያል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የደንገልና የዓሣ ሽታ ያመጣል፤ ከማድ ቤት ደግሞ በትልቁ ድስት የሚንተከተከው የፋፋ ገንፎ ይሸታል። ያንን ገንፎ ልጆቹ ሲበሉ እያየሁ እኔም በማንኪያ እቀምስ ነበር። ዛሬ ባለ ብዙ ዓይነት ቁርስ ቀርቦልኝ እንደዚያ አይጣፍጠኝም።

ልጆቹ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ነበሩ። ብዙዎቹ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከአሥመራ፣ ከድሬዳዋ፣ ከወለጋ ተዛውረው የመጡ። ሌሎቹ ደግሞ በሐይቁ ዳር ያሉትን አድባራት የሚያገለግሉ ካህናት ልጆች ናቸው። እንጉዳይ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። አባቷ ቄስም መሪጌታም ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። እኛም ሁላችን እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነበር የምንላቸው። እናቷ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በወሊድ ሞታ፣ እንጉዳይ ከአባቷና ከቆሎ ተማሪዎቻቸው ጋር ቀርታለች። ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም። ጠጉሯን የሚጎነጉኑላት ተማሪዎቹ ነበሩ። እግዜር ይስጣቸውና፣ አንዱ ጉንጉን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን፣ ሦስተኛው ጭራሽ የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ጠዋት ጠዋት ፈትቼ እንደገና እሠራታለሁ። በጉልበቶቼ መካከል ተቀምጣ ስሠራት ጥያቄዋን ታዥጎደጉደዋለች፦ ዓሣ ይተኛል ወይ፣ ጣና ማታ ማታ ወዴት ይሄዳል፣ ጉማሬ እናት አለችው ወይ። ወደድኋት። ከሌሎቹ አስበልጬ መውደዴን ለመደበቅ ብሞክርም አልሆነልኝም።

መዋዕለ ሕፃናቱን የሚቆጣጠረው የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ነው። ሊቀመንበሯ ጓድ አስካለ ትባላለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ግን ስብሰባ ላይ የሰማችውን ነገር ሳይውል ሳያድር ሥራ ላይ ካላዋለችው እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ቀን ከስብሰባ መጥታ ወንድና ሴት እየለዩ ማሰለፍ የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው አለችን። ከእንግዲህ ለገንፎውም፣ ለመዝሙሩም፣ ለሽንት ቤቱም አንድ ሰልፍ ብቻ። "ወንዱም ሴቱም እኩል ነን" የሚል መዝሙር አውጥተን እያጨበጨብን እንድናስተምርም አዘዘች። በዚያው ሰሞን የአብዮት በዓል ደርሶ ለመፈክር የሚሆን ሰሌዳ ቢጠፋ፣ የሽንት ቤቱን በር አስነቀለችና ቀይ አስቀባችው። በነጭ ቀለም "ወንድና ሴት እኩል ናቸው" ተብሎ ተጻፈበትና ወደ አደባባይ ሄደ። በዓሉ ካለፈ በኋላም በሩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተገትሮ ቀረ።

ከዚያ በፊት ወንዶቹ ቀድመው ይገቡ ነበር፤ እነሱ ሲወጡ ሴቶቹ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል። አሁን ግን በር የለም፤ ሁሉም ሰልፉ ላይ ሆኖ የፊተኛውን ያያል። እንግዲህ የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን አለው፤ እንጉዳይ ደግሞ ከዓይንም በላይ ምላስ አላት። አንድ ጠዋት ጠጉሯን ስሠራት፣ "እትዬ፣ እኩል ነን ብለሽ የለ? ዳዊት ቆሞ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ለምንድን ነው?" አለችኝ። ዳዊት ከድሬዳዋ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጅ ነው፤ ጓደኛዋ። ሥልጠናው ላይ መቁጠር፣ መዘመር፣ ወረቀት ማጠፍ ተምረናል፤ ይህን ግን ያነሣው ሰው አልነበረም። ቆይ፣ አስቤ እነግርሻለሁ አልኋት።

እሷ መች ትጠብቃለች! በነጋታው ተራዋ ሲደርስ እንደ ዳዊት ለመቆም ሞከረች። ቀሚሷ፣ ካልሲዋ፣ ጫማዋ ሁሉ ራሰ። ጓድ አስካለ ያን ቀን ልትቆጣጠር መጥታ ኖሮ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት "ነውረኛ!" ብላ ጮኸችባት። ልጆቹ ሳቁ። እንጉዳይ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገንፎውን አልበላም፣ ውሃውንም አልጠጣም አለች፤ ለካ ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው። ጠጉሯን ስሠራትም አንድ ነገር አትጠይቀኝም።

ብዙም ሳይቆይ የኔታ እሷን አድርሰው ሳይመለሱ በር ላይ ቆሙ። ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ መሬት መሬት እያዩ ነገሩን አወጡት። ዝክር ላይ እንግዳ ሞልቶ ሳለ ያንኑ ጥያቄ ጠይቃቸው፣ ተቆጥተው ዝም አሰኝተዋታል።

"ልጄ፣ እናቷ ብትኖር እኔን አትጠይቀኝም ነበር" አሉ። "ቁንዝላ እኅት አለችኝ። እዚያ ሄዳ ከሴቶች ጋር ብታድግ ይሻላት ይሆን?"

ቁንዝላ ጣናን ተሻግሮ ነው። እዚያ መዋዕለ ሕፃናት የለም፤ ጭቃና ዓሣ ማስገር፣ እርሻና ከብት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ጓድ አስካለ ከኋላችን ሆና ሁሉን ሰምታለች። ወደ ቢሮ ጠራችኝና ይህ የሕፃን ጥያቄ አይደለም አለችኝ። ቄሱ በልጃቸው አፍ እኩልነትን እየተቃወሙ ነው፤ ጉዳዩ ለቀበሌው መቅረብ አለበት። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅም። የምናገረውም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ "እንግዲያ ልጆቹን ሁሉ እንጠይቃቸው። ጥያቄው ከሁሉም አፍ ከወጣ የኔታ አልላኩትም ማለት ነው" አልኋት።

ማንጎው ሥር ሰበሰብናቸው። የኔታ ከበረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጓድ አስካለ እጇን አጣጥፋ ቆመች። እኔ ስለ ሽንት ቤቱ መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቅ፣ ማንም አይቆጣም አልሁ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዳዊት እጁን አወጣና ሴቶቹ ለምን አይቆሙም አለ። በቃ፣ ጉድ ፈላ! አንዷ ወንድሜ ያለው እኔ የለኝም ትላለች፣ ሌላው የሴቶቹ ተቆርጦ ነው ወይ ይላል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንጫጫል። ከሁሉም በላይ የጮኸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሷ የጓድ አስካለ ልጅ። ቤት ሲጠይቃት አልመለሰችለትም ኖሮ፣ "እማዬ አልነገረችኝም!" ብሎ ጣቱን ቀሰረባት። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

አሁን መልሱ የእኔ ነው። የማንም አካል አልተቆረጠም አልኋቸው። ወንድ ልጅ የወንድ አካል ይዞ ይወለዳል፣ ሴት ልጅ የሴት አካል ይዛ ትወለዳለች፤ ስለዚህ ወንዱ ቆሞ፣ ሴቷ ቁጭ ብላ መሽናት ይቀላታል። ገንፎውን እኩል ትበላላችሁ፣ እኔም እኩል እወዳችኋለሁ፤ ለዚያ መመሳሰል አያስፈልግም። ይህ የሰውነታችሁ ክፍል የራሳችሁ ነው፤ ሲያጥቧችሁ ወይም ስትታመሙ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም፤ ቢነካችሁ ለእኔም ለእናት ለአባታችሁም ትነግራላችሁ። በር የምንዘጋውም ለዚህ ነው እንጂ የሚያሳፍር ነገር ስላላችሁ አይደለም አልሁ።

እንጉዳይ ያን ጊዜ ቀና አለች።

"እንግዲያ ከእኔ ምንም አልጎደለም?"

"ምንም አልጎደለብሽም" አልኋት። እናት የጎደላትን ልጅ ነው እንዲህ ያልኋት።

የኔታ ከአግዳሚው ተነሡ። "እኔ ስንቱን ልጅ፣ ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ፣ ራቁታቸውን ተቀብዬ አጥምቄአለሁ" አሉ። "ፈጣሪ የሠራውን ሳይ አንድ ቀን አላፈርሁም። የራሴ ልጅ ስትጠይቀኝ ግን አፈርሁ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ።" አባት ልጁን፣ ያውም ቄስ፣ ይቅርታ ሲጠይቅ ያኔ ነው ያየሁት። ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ጓድ አስካለ አጠገቤ ቆማ፣ እሷም በልጅነቷ ይህን ጠይቃ በርበሬ መታጠኗን በለሆሳስ ነገረችኝ። በማግስቱ በሩ ከቀበሌው ተመልሶ ተገጠመ። ችኩሉ አናጢ መፈክሩን ወደ ውስጥ አዙሮ ስለገጠመው፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ እኩልነታቸውን እየተመለከቱ ተጸዳዱ። የኔታን ለቀበሌ ስለማቅረብም ዳግም የተነሣ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥቅምት ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሰማዩ ጠርቶ፣ አደዩ ከየአጥሩ ሥር ገና አልረገፈም። ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዤ ወደ ሐይቁ ዳር እወስዳቸዋለሁ። ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ትንንሽ ቆሮሶ ዓሣ ይጥሉልናል፤ ማድ ቤት ወስደን ጠብሰን እንበላለን፤ እሾሁን ለእንጉዳይ እየለቀምሁ እሰጣታለሁ። ጥያቄዋ ተመልሶላት፣ እኔም መልሱን ባላውቅ እንኳ አላውቀውም ማለት ተምሬ ነበር። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር ላይ የኔታ መጡ። ካህን ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ብዙዎቹ ይመነኩሳሉ። እሳቸውም ወደ አንዱ ደሴት ገዳም ሊገቡ ቆርጠዋል። ሴት ልጅ ወደ ገዳሙ አትገባምና እንጉዳይ ቁንዝላ ወደ አክስቷ ልትሄድ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "የኔታ፣ እኔ ላሳድጋት፤ ይተዉልኝ" አልኋቸው። "አንቺም እኮ ገና ልጅ ነሽ" አሉኝ። "ነገ ታገቢያለሽ፣ የራስሽን ትወልጃለሽ። እሷ ደግሞ ሥጋዋ ያለው እዚያ ነው።" እውነታቸውን ነበር። እውነት መሆኑ ግን ምንም አላቀለለልኝም።

የኔታ ሊያደርሷት ሲነሡ ወደቡ ድረስ ሸኘኋት። ጠጉሯን ለመጨረሻ ጊዜ ቀጥ አድርጌ ሠርቼላት ነበር። ጀልባው ላይ ከመውጣቷ በፊት ቀሚሴን ይዛ፣ "እትዬ፣ ቁንዝላ ስሄድ ማንን ነው የምጠይቀው?" አለችኝ። "አክስትሽን ጠይቂያት" አልኋት። "እሷ ካልመለሰችልሽ ሌላ ሰው ጠይቂ። ዝም ብቻ እንዳትይ።" እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ጀልባው ሲርቅ ከአባቷ ነጭ ጋቢ በስተቀር ምንም አልታይ አለኝ።

የኔታ እንዳሉት አገባሁ፣ ወለድሁ፤ ሦስቱም ወንዶች። ይባረኩልኝ፣ አንዳቸውም ጠጉር የሚጎነጎንላቸው አይደሉም። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤት ሥራ ቁንዝላ ሄጄ ጠይቄ ነበር። አክስትየዋ ባሏን ተከትላ ወደ ቆላው ከወረደች ቆይታለች፤ ልጅቱንም ይዛት ሄዳለች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን የነገረኝ የለም።

ዛሬም ከቁንዝላ የሚመጣው ጀልባ ሲደርስ፣ እግሬ ወደዚያ ከመራኝ ቆሜ የሚወርዱትን ሰዎች አያለሁ። እንጉዳይ አሁን ሃምሳ ዓመት ሳትጠጋ አትቀርም፤ ምናልባት እሷም አያት ሆናለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እኔ ግን የሴቶቹን ፊት አላይም፤ ከትልልቆቹ ጉልበት ሥር ነው የምፈልጋት።