ለኪኒን የተላከ ሽማግሌ

እኔ ዘሊካ፣ ከሚሴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ መድኃኒት መስጠት ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሐኪማችንን ዶክተር ሙህዲንን ግን ከዚያም በፊት አውቀዋለሁ። ሰፈራችን ያደገ ልጅ ስለሆነ «አንተ» እለዋለሁ። ጎበዝ ነው፤ ይሉኝታው ግን ገደለው፣ እምቢ ማለት አይሆንለትም። በዚያ ላይ ደክሞታል። በቀን ስልሳ ሰው አይቶ እምቢ የሚልበት አቅም ከየት ይምጣ?

ሙሀመድአሚን የከብት ደላላ ነው፤ ቤቱ እዚሁ፣ ገበያው ሰንበቴ ከተማ። አምና በሬ ጥሎት እግሩ ተሰበረና ሙህዲን ለጥቂት ቀን ብሎ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት። አጥንቱ ገጠመ፤ ኪኒኑን መተው ግን አቃተው። ወር በገባ ቁጥር «ወላሂ እግሬ አላስተኛኝም» እያለ ይመጣል። ሙህዲን አንድ ቀን እንደምንም ጨክኖ መለሰው። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ለሚስት ይላካል፣ ለደም ይላካል። ለኪኒን ሲላክ ያየሁት ያኔ ነው። ሦስት ሆነው መጡ፤ ነገሩን የያዙት የሙሀመድአሚን ጎረቤት ሐጂ አብዱልሰመድ ናቸው። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሙህዲን የአባቱን እኩዮች አቁሞ ይከራከር? ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላም መጡ፣ ጻፈ። እኔም ማዘዣ ይዞ ለመጣ ምን እላለሁ እያልኩ ሰጠሁ። አሁን ያሳፍረኛል።

ባለፈው ጁምአ ሙሀመድአሚን መስጊድ በር ላይ እያንዘፈዘፈው ወደቀ። ሰዉ ጂን ነው አለ። ሚስቱ ሰዒዳ ግን እኔ ዘንድ መጣች። «እታለም፣ በቀን ሁለት የነበረው ስምንት ደርሷል። ሦስት ልጅ ታቅፌ ባሌን ልቀብር ነው» ብላ አለቀሰች። ለሙህዲን ነገርኩት። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የጣለው የእኔ ማዘዣ ነው» አለኝ።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ሐጂ ከፊት ናቸው፤ ከረመዳን ወዲህ ምርኩዛቸውን ጥለዋል፣ ሰዉም ዱአ ነው የፈወሳቸው ይላል። «አካም ጅርታ፣ ዶክተር? በአላህ ይዘንሃል፣ ሰውየው እየተሰቃየ ነው» አሉ።

ሙህዲንም ተነሥቶ ቆመ። «ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ። እናንተን ላለማሳፈር ብዬ ሰው ልገድል ነበር። በአንዴ ብከለክለውም ይጎዳል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንቀንሳለን፣ ሕመሙንም በሌላ እናክማለን። ግን ኪኒኑ እሱ እጅ አይገባም። ሽምግልና ዋስ ይጠራ የለ? ዋሱ አንቱ ይሁኑ። እርስዎ ቤት ይቀመጥ፤ ጠዋትና ማታ እየቆጠሩ ይስጡት።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች «ማሻአላህ፣ ይኸማ ፍርድ ነው» አሉ። ሐጂ ግን ጉልበታቸውን አሹ፣ መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ቤት አይቀመጥ» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን፣ ሐጂ?»

«ከሱ እየተካፈልኩ ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ አይቶ አንድ ፍሬ ሰጠኝ፣ ደግ ጎረቤት አይደል። አሁን ያለሱ ለሱብሂ ሰላት መነሣት አቅቶኛል። የምለምንህ ለሱ ብቻ አልነበረም።»

ከጎረቤት እሳት እንደምንጫጫረው ኪኒንም እንጫጫራለን፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጠይቄ ግን አላውቅም። ለሁለት በሽተኛ የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ስም ስሰጥ ከርሜያለሁ።

«እኔ ጋ ይቀመጥ» አልኩ። «በየቀኑ እየመጣ፣ እዚሁ ፊቴ ይውሰድ።»

ሙህዲን ራሱን በይሁንታ ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ አንድ አዲስ ካርድ አምጪልኝ» አለ።

ሐጂ የማንንም እሺታ ሳይጠብቁ በበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።