አረቄ የሸተተው ሳሎን

ልጅ እያለሁ ጠላቴ አንድ ብቻ ነበር። ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስርጉድ ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሶ ይደበቃል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን የምታጠበው ዛሬ ስንቱን እንደምፈጅ እያሰብኩ ነበር።

ሆሳዕና ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ታላቅ እህቴ ታደለች በወተት ጣሳ የተከለቻት መኒ ፕላንት ነበረች። ያኔ ይህች ሐረግ የሌለችበት ሳሎን ሳሎን አይባልም ነበር። ታደለች ግድግዳው ላይ ሚስማር መትታ፣ ከአሮጌ ቀሚሷ በቀደደችው ጨርቅ እያሰረች፣ ሐረጓን ከመስኮቱ አንስታ ከቴሌቪዥኑ በላይ አድርሳት ነበር። ከዚያ ዱራሜ ላለ ነጋዴ ተዳረች። ልትሄድ ስትል ቀሚሷን ይዤ ሳለቅስ፣ ሐረጓ ግድግዳውን ዞራ በሩ ጋ ስትደርስ እመጣለሁ አለችኝ። ልጅ ለማባበል የተባለ ነገር ነው። እኔ ግን እንደ ውል ያዝኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሐረጓ ማደግ አቆመች። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ይጨማደዳል፣ የነበረው ቢጫ ይሆናል። ስነካው ስኳር እንደበዛበት ሻይ እጄ ላይ ይጣበቃል። ጉንዳኖች በሚስማሮቹ በኩል ተሰልፈው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እነሱን ስከተል ነው ቅጠሉን ገልብጬ ነጩን ተባይ ያገኘሁት። እህቴን ያስቀረብኝ እሱ ለመሆኑ አልተጠራጠርኩም።

እናቴ የልብስ ሳሙና በጥብጣ ቅጠሉን አንድ በአንድ አጠብን። ጥቂት ቀን ጠፋና ተመለሰ። ጣሳው ዙሪያ አመድ ነሰነስን፤ ጉንዳኑ መንገድ ቀየረ እንጂ ነጩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ያዘኑልኝ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። ባለቤታቸው በመንግሥት ሥራ ከጎንደር ተዛውረው የመጡ፣ እሳቸውም ለበዓል አረቄ የሚያወጡ ሴት ነበሩ። ጥጥ አረቄ ውስጥ ነክረሽ ጥረጊው፣ ነጩ ልብሱ ከሟሟ አለቀለት ብለው በሽሮፕ ጠርሙስ ቀድተው ሰጡኝ።

እኛ ቤት አረቄ ገብቶ አያውቅም። እናቴ መጠጥ በሚከለክለው ቤተ ክርስቲያናችን የእናቶችን ጸሎት የምትመራ ሴት ነበረች። ጠርሙሱን ስታይ በሀዲይኛ ብዙ አጉረመረመች፣ ከዚያ ከቡፌው ኋላ ሸሸገችው። እንግዳ ሲመጣ መስኮት መክፈት የእኔ ሥራ ሆነ።

አረቄው ይሠራ ነበር። ጥጡ ሲነካው ነጩ ልብስ ይሟሟና ሮዝ ገላው ይገለጣል። ያን ገላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን የፈጀሁትን ያህል በሳምንቱ ይተካል። ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አቅቶኝ አነባ ነበር።

ክረምት ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ታደለች በዝናብ በስብሳ፣ አንድ ቦርሳ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ሐረጓ በሩ ጋ አልደረሰችም ነበር። ያሸነፍኩ መስሎኝ ጠርሙሴን ላሳያት ሮጥኩ። ክንዷ መበለዙን ያየሁት ሹራቧን ስታወልቅ ነው። ባሏ እንደሚመታት የሰማሁት ደግሞ ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው ሲያወሩ ነው።

ሲነጋ ጥጡን ከእጄ ተቀበለችኝና ሐረጓን ያሰረችባቸውን ጨርቆች ትፈታ ጀመር። እኔ እሷ ያሰረችው ነው ብዬ ማንንም አላስነካም ነበር። ከእያንዳንዱ ቋጠሮ ሥር ነጩ ተከማችቷል።

"ለካ እዚህ ነበሩ፣ እኔው ባሰርኩት ውስጥ" አለች።

እንደ እሷ አድርጎ ተባይ የጠላ ሰው አላየሁም። ጥጡን ትታ በአውራ ጣቷ ትጨፈልቃቸው ነበር። የተጎዳውን ሐረግ ቆርጣ አቃጠለችው፣ ደህናውን ጫፍ በአረቄ እየጠረገች ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሽማግሌዎቹ ከዱራሜ የመጡት ይህንኑ ሥራ ይዘን ሳለን ነው። ሦስቱም የባሏ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ውጭ መኪና ውስጥ ቀርቷል። መስኮት ለመክፈት ጊዜ አልነበረም። ተቀመጡና ስለ ትዳርና ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፣ ዛሬውኑ ይዘናት እንሂድ አሉ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ሽማግሌ አሳፍራ የማታውቅ ሴት ናት፤ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ እህቴን አሳልፋ ልትሰጥብኝ መስሎኝ የታደለችን ቀሚስ ያዝኩ።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ንግግራቸውን አቋርጠው አየሩን አሸተቱ። የእህቴን የቀላ ዓይን፣ የተንጨባረረ ፀጉሯን፣ እግሯ ሥር ያለውን ጠርሙስ አዩ።

"ልጄ፣ ይሄ የምን ሽታ ነው?"

እናቴ ልታስረዳ ብድግ ስትል ታደለች እጇን ያዘቻት።

"አረቄ ነው፣ አባባ" አለች።

ትጠጪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። እሷ ቅጠሏን መጥረግ ቀጠለች። ሽማግሌዎቹ በከምባትኛ ተንሾካሾኩ፣ ከወትሮው ባጠረ ጸሎት ተነሡ። የባሏን ፊት በመስኮት አየሁት፤ ሲነግሩት መሪውን በጡጫ መታው። በኋላ የላከብን መልእክት ጠጪ ሴት ቤቴ አትገባም የሚል ነበር። ታደለች ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ወሬው ሆሳዕናን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እናቴን ከጸሎት መሪነት ለጊዜው እረፊ አሏት። ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም አልኳት፣ ተናድጄ።

"እውነቱን ብነግራቸው ይወስዷታል" አለችኝ።

ዛሬ የተባይ መድኃኒት በየሱቁ አለ፤ ስልክም ፎቶውን አይቶ የተባዩን ስም ይነግራል። ታደለች ግቢዋ ውስጥ የአበባ ችግኝ ትሸጣለች፤ የዚያች ሐረግ ልጆች ሳሎኗን ዞረው በሩን ካለፉ ዓመታት ሆኗል። እናታችን የለችም። እኔና እህቴ ግን አሁንም በጥጥና በአረቄ ነው የምንጠርገው፤ መርጨት አያረካንም፣ በእጃችን ካልሆነ። ነጩ ብቅ ሲል ትደውልልኛለች። "አማቻችን መጥቷል" ትለኛለች፣ የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ።

ልጄ ይህን እየሰማች አደገች። ባለፈው ትምህርት ቤት የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ስም ጥቀሱ ሲባሉ "አማቻችን" ብላ ጽፋ መምህሩ ኤክስ አደረገባት። አኩርፋ መጥታ አሳየችኝ። እኔ ትክክል ነሽ ብያታለሁ።