ለአንድ ሰው ብቻ የሚደርስ

ከባሕሩ ሥር ያለው የመገናኛ ገመድ ከተበጠሰ ወዲህ በደሴት አገራችን ዋና ከተማ በኑኩዓሎፋ ስልክም ኢንተርኔትም የለም። ሰውዬው ቢሯችን የመጣው የእኛኑ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያነጋግር ፕሮግራም ሊጭንልን ነው። እንደ አገራችን ወግ ወገቡ ላይ የታጠቀው ሰሌን ጠርዙ ተተልትሏል፤ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏቸዋል።

ሁለት ፕሮግራም ጭኖ ሁለቱንም አጠፋ።

«ምን ጎደላቸው?» አልኩት።

«የተጻፈው ሁሉም ጋ ይታያል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚደርስ ነው የምፈልገው።»

«የእኛን ቢሮ ወሬ ማን ይሰርቀዋል ብለህ ነው?»

አልሳቀም። ሦስተኛውን በየክፍሉ እየዞረ ጫነ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመና ፍላሹን ሰጠኝ። «እዚህ አንቺ ጫኚልኝ።»

ገብቼ ስጭን የመዝገብ ቤቷ ፉሲ ቀና ሳትል «ታናሽ ወንድሜ ነው» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። በእኛ ወግ ወንድም ካደገ በኋላ እህቱ ያለችበት ክፍል አይገባም።

ስመለስ የእኔ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ የመጀመሪያውን መልእክት ጽፎ ጨርሷል። ሌላ ባለሙያ ቢሆን «ሙከራ» ብሎ ይጽፍ ነበር። የእሱ ግን እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ ሐኪሙ እማማ ዛሬን አታልፍም አለኝ። እርስዎ እሷ ጋ ይግቡ፤ እኔ ደጅ እቆማለሁ።»

ከአራት እርምጃ ማዶ፣ ከመዝገብ ቤቱ፣ የእህቱ መልስ መጣ፦ «አብረን እንግባ።»

ደጋግሞ አነበበውና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ነገር» አለ ቀስ ብሎ፣ «የጻፉትን ሳይለውጥ ነው የሚያደርሰው፣ አይደል?»