ሳይግል የማይዝ ፍሬን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ ስገባ ትንንሹን ኃጢአት አወራና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ምናልባት ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

ኮምቦልቻ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚነዳ ጓደኛዬ ነበር፤ ከእኔ በቀር መኪናውን ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም። ሰው ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እየጋለ፣ እየሸተተ ያስቸግረው ጀመር።

«ግርማ፣ አንድ ቀን ገደል ይከተኛል። በአላህ፣ አንድ መላ በለኝ» አለኝ።

መላ ነበረኝ። አንድ ዕቃ አምጪ ከዱባይ ያመጣው የፍሬን ሸራ እጄ ገብቶ ነበር፤ ለውድድር መኪና የተሠራ ነው። ሰውየው ሲሰጠኝ አስጠንቅቆኛል። «ይሄ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ነው። በቀዝቃዛው ከረገጡት ይንሸራተታል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው እንዳትገጥመው» ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ጠርዙን ሞርጄ የሰይድ መኪና ላይ ገጠምኩት።

ለምን? ሌላው ያቃተውን ግርማ ቻለው እንዲባልልኝ ነዋ! ስለ ቅዝቃዜው ለሰይድ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ብነግረው እንቢ እንደሚለኝ አውቅ ነበር።

ሐረጎ ላይ ሸራው ጉድ አሰኘ። ቁልቁለቱን ሙሉ ቢረገጥም አይደክም፣ አይሸት። ሰይድ መናኸሪያ ለተሰበሰበው ሾፌር ሁሉ «ወላሂ፣ እንደ ግርማ ያለ እጅ የለም» እያለ አወራልኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ መጣ። «ጠዋት ከደሴ ስነሳ ፍሬኑ እሺ አይለኝም። ረግጬው ትንሽ ይሄዳል። ኋላ ይስተካከላል» አለኝ።

የደሴን የጠዋት ብርድ አውቀዋለሁ። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። እዚያው ጎማውን አውልቄ ሸራውን መፍታት ነበረብኝ። መፍታት ግን ተሳስቻለሁ ማለት ነው። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲላመድ ይተወዋል» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ሰው አይደለም። አምኖኝ ሄደ።

ሰኞ ማለዳ ሰይድ ደሴ ላይ መኪናውን አስነስቶ ገና ሩቅ ሳይሄድ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር መንገዱ በሰው ግጥም ብሎ ጠበቀው። ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ጆንያቸውን ተሸክመው መንገድ ሲሻገሩ ገጫቸው። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ሰይድ «ረግጫለሁ፤ አልያዘልኝም» ብሎ ለትራፊክ ፖሊሱ ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ፍሬኑን ለመፈተሽ መኪናውን ከተማ ውስጥ አዙረው ነዱት። ያን ጊዜ ሸራው ግሏል፤ ሲረግጡት ቀጥ አለ። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ።

«መኪናውን የምትሠራው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ፍሬኑ ችግር ነበረበት?»

ሰይድ አጠገቤ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። እስር ቤቱ ታየኝ፣ የተዘጋ ጋራዤ ታየኝ፣ ልጆቼ ታዩኝ።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አልኩ።

ምነው በሰደበኝ! ምነው አንገቴን ባነቀኝ! ሰይድ መሬት መሬቱን አይቶ፣ «ግርማ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። እግሬ ዘግይቶብኝ ይሆናል» አለ።

ታሰረ። መኪናው ሲለቀቅ ሸራውን ፈትቼ ጣልኩት። ከእስር ሲወጣ ሽማግሌዎች አስታራቂ ሆነው ወደ ሟች ቤት ወሰዱት፤ እኔም ጓደኛው ነኝና አብሬ ሄድኩ። ሰይድ በወይዘሮ ዘሀራ ልጆች እግር ላይ ወድቆ «እግሬ ነው፤ አፉ በሉኝ» ሲል ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜ ነበር። አፉ አሉት። ይቅርታው የማን ነበር? እዚያ መውደቅ የነበረበት ማን ነበር? ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር «አሜን» ብዬ ዘጋሁት።

ሰይድ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ዛሬ እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ነው። ባጃጅ እንኳ ተሳፍሮ ከፊት አይቀመጥም።

በቅርቡ ወደ ጋራዤ መጣ። «ልጄ አህመድ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብሎ አስቸገረኝ። የኔን እግር ወርሶ እንደሆነስ? አንተን ይሰማሃል፤ ምከርልኝ» አለኝ።

ይኸኔ መናገር አልነበረብኝም? ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣልኛል? ልጁን አስጠራሁት። ቀጥ ያለ ጎረምሳ ነው፣ ዓይኑ መኪናዎቹ ላይ ይንከራተታል። ሾፌርነት እንደማይበጀው፣ የአባቱን ልብ እንዳይሰብር መከርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ቆየና «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። አባትየውን ገድዬ ልጁን ደገምኩት።

ማሩኝ አልላችሁም። ምሕረት የሚለምን ሰው በደሉን ያቆማል፤ እኔ አላቆምኩም። ነገ ጠዋት ሰይድ ከአዳር ሥራው ሲመለስ በበሬ ያልፋል። «እንዴት አደርክ ወንድሜ?» ይለኛል። እኔም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ።